ጎመን በጤና፣ በብርጭቆ

ሀዋሳ ውስጥ አረንጓዴ ጁስ ያዘዘ ሰው የሚመጣለት አቮካዶ ነው። ሌላ አረንጓዴ አይታሰብም። ከፒያሳ ጀምሮ እስከ ፍቅር ሐይቅ ባሉት ጁስ ቤቶች ማንጎው፣ ፓፓያው፣ አናናሱ ከመስታወት ጀርባ ተደርድሮ ዓይን ይጠራል፤ አቮካዶው ግን መሬት ላይ በሳጥን ነው፣ ማስታወቂያ አያሻውም። ብርጭቆው ማንኪያ ተሰክቶበት ይመጣል። ጫፉ ላይ ቁራጭ ሎሚ፣ ከላዩ ቀይ የቪምቶ ሰረዝ። ስፕሪስ ከሆነ ደግሞ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው ሳይደባለቅ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ነው። ከየትኛው ቀለም ይጀመር በሚለው ትልልቅ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። እዚህ ከተማ ጁስ ይበላል እንጂ አይጠጣም፤ በጾም ደግሞ ምሳ ነው።

ስፕሪስ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። ተማሪ ሳለሁ ስንት ምሳ የዋልኩት በእሱ ነው። ቤቴ ውስጥ ጎመን ከአቮካዶ ጋር መፍጨት የጀመርኩት በእናቴ ምክንያት ነው።

እማዬ ከደብረ ማርቆስ መጥታ እኔ ጋ መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ስኳር አለባት፤ ኪኒን ትወስዳለች፣ መርፌ ላይ አልደረሰችም። ሻይ ያለ ስኳር ለመጠጣት ከራሷ ጋር ታግላ ያሸነፈች ሴት ናት። ለስላሳ ባለበት አታልፍም፣ ድግስ ላይ ኬክ ሲዞር እጇን ሰብስባ ትቀመጣለች። ሀዋሳ ግን ባልጠበቀችው በር ገባባት። አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ወስጄ አቮካዶ ጁስ ካስቀመስኳት ወዲያ ሌላ ነገር ጋብዘኝ ብላ አታውቅም። «ፍራፍሬ አይደለም እንዴ? እግዜር የሰጠው ነገር ምን ያደርገኛል?» ነው መልሷ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ባሰ። ከቅዳሴ መልስ በ9 ሰዓት፣ ባዶ ሆድ፣ ትልቁን ብርጭቆ። ጾሙን የሚያቃልልላት ይመስላታል፤ ስኳሩን ግን ወደ ላይ ይሰቅለዋል።

የክትትል ቀኗ ደርሶ ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ጠየቃት፣ እሷም ያለውን ነገረችው። «ማዘር፣ ጁስ ይቅርብዎት፤ ፍሬውን ግን በልኩ ይብሉ» አላት። ወጥተን ባጃጅ ውስጥ እንደገባን ጀመረች፤ «ፍሬውን ብዪ፣ ጁሱን ተዪ ይለኛል። ሆድ ከገባ አንድ አይደለም?»

የባጃጁ ነጂ ሳይቀር ዞር ብሎ አየኝ። መልስ ይጠብቃል።

አንድ አይደለም፤ ግን ለምን እንዳልሆነ ለእናት ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል። በብርቱካን ነው የጀመርኩት። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሙላት ሦስት አራት ብርቱካን ይፈጃል። ቁጭ ብሎ አራት ብርቱካን ልጦ የሚበላ ሰው ግን የለም፤ ሁለተኛው ላይ አፉ ይደክማል። ጭማቂው በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ አሰሩ (ፋይበሩ) ማጥለያው ላይ ይቀራል፣ ወደ ሆድ የሚወርደው ስኳሩና ውኃው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የጭማቂን ስኳር ከማርና ከገበታ ስኳር ጋር አንድ ላይ የሚቆጥረው ለዚህ ነው። በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን ግን ከእነሱ ጋር አይደምረውም። ያ መመሪያ እንዲህ ዓይነቱ ስኳር በቀን ከምንመገበው ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች ይውረድ ይላል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ ወደ 25 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ለጤነኛ ሰው እንኳ።

ሳይጠለል የተፈጨው በመሐል ነው። አሰሩ አብሮ ስለሚገባ ከጭማቂ ይሻላል፤ ነገር ግን ማኘክ ቀርቷል፣ መጠኑም ዓይን አይይዘውም። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ጥቂት አናናስ አንድ ላይ ሲፈጭ አንድ ብርጭቆ ብቻ ይመስላል፤ ሳህን ላይ ቢደረደር ግን ለሦስት ሰው የሚበቃ ነው።

አቮካዶ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የሚገርመኝ። 100 ግራም አቮካዶ ውስጥ ያለው ስኳር አንድ ግራም አይሞላም። አሰሩ ወደ 7 ግራም ይጠጋል፣ ቅባቱ 15 ግራም ገደማ ነው። ሙዝ በዚያው ክብደት 12 ግራም፣ ማንጎ 14 ግራም አካባቢ ስኳር አላቸው። ገበያ ላይ ካሉት ፍሬዎች ሁሉ ለእማዬ የሚስማማው ይኸው የምትወደው አቮካዶ ነበር። እኛ ግን ጣፋጭ ስላልሆነ ስኳር እንጨምርበታለን፤ ማንጎው ራሱ ስለሚጣፍጥ ይተርፋል። ጁስ ቤት ቆማችሁ ብታዩ ስኳሩ በማንኪያ አይለካም፤ በጭልፋ ወይም ቀድሞ ከተበጠበጠ የስኳር ውኃ ይጨመራል፣ ከዚያ ቪምቶው። «ስኳር ይቀነስ» ማለት ይቻላል፣ እኔም እላለሁ። ግን የተቀነሰው ከስንት ላይ እንደሆነ የሚያውቀው ፈጪው ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የስኳሩ ማንኪያ በእኔ እጅ ነው። ብሌንደር የገዛሁበት ምክንያት ከዚህ አያልፍም።

ጎመኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያስቆጣውም እሱ ነው። በስልክ ላይ የሚዞሩትን አረንጓዴ መጠጦች ያየ ሰው ሁሉ ቅጠል እንዳለባቸው ያውቃል። ቅጠል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም ብዬ አንድ እስር የሐበሻ ጎመን ገዝቼ ገባሁ። እማዬ ጎመኑን ከብሌንደሩ አጠገብ ስታየው መጀመሪያ ወጥ ልሠራ መሰላት። ሲገባት ግን፤ «በየዓመቱ የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ እያልን ያሳደግንህ በጥሬው ልትጠጣው ነው?»

ነገሩ እውነት አለው። እሷ ባደገችበት አገር ጎመን የክረምት ምግብ ነው። የአምናው እህል ጎተራ ውስጥ ሲያልቅ፣ አዲሱ ሳይደርስ፣ ጓሮ የበቀለው ጎመን ነው ቤቱን የሚያሻግረው። መስከረም ሲጠባ የጎመን ምንቸት የሚባረረው ከችግሩ ጋር ነው። ያንን ቅጠል ከተማ ተቀምጦ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ በመብራት ፈጭቶ «ለጤና ነው» ማለት ለእሷ ትውልድ ሹፈት ይመስላል። ደግነቱ ያው ትውልድ «ጎመን በጤና» የሚል አባባልም ትቶልናል። ያንን አነሳሁባት። ሳቀች፣ ግን ብርጭቆውን አልተቀበለችም።

ባለመቀበሏ ትክክል ነበረች፣ ምክንያቱም የሐበሻ ጎመን በጥሬው ያቃጥላል። ከሰናፍጭ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዘሩ ምጣድ የምናሰስበት ጎመን ዘር መሆኑን አስታውሱ። ቅጠሉ ሙሉ ሳለ ምንም አይልም። ሲቆረጥና ሲፈጭ ግን በውስጡ ለየብቻ የተቀመጡ ነገሮች ይገናኙና ያ አፍንጫ ድረስ የሚወጣ ኃይል ይፈጠራል። ለጋ ቅጠል ይለሰልሳል፣ ያረጀው አይቻልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የፈላ ውኃ ውስጥ ለአፍታ ነክሮ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መክተት። ማቃጠሉ ይጠፋል፣ ቀለሙ ደግሞ ከጥሬውም በላይ ደምቆ ይወጣል። ከቫይታሚን ሲው የተወሰነው ይሄዳል፤ ይሂድ። ያንን በሎሚና በዘይቱን እመልሰዋለሁ።

ለነገሩ በፈላ ውኃ የምነክረው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። ጥሬ ቅጠል ሲባል እኛ አገር አሜባና ወስፋት አብሮ ይታሰባል። ጎመን በየት ውኃ እንደበቀለ፣ በምን እንደተዳበረ፣ ጉሊት ላይ ለምለም መስሎ እንዲታይ ምን እንደተረጨበት የሚነግረን የለም። ኮምጣጤ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት የሚለው ምክር ብዙ ይነገራል፤ አፈሩን ያነሳ ይሆናል፣ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የሚቆየውን አሜባ ግን ይገድለዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ክሎሪኑም ለውኃ በሚጨመርበት መጠን አይበግረውም። ሙቀት ነው የሚችለው። ስለዚህ ቅጠል በቅጠል በሚፈስ ውኃ አጥባለሁ፣ የመሐሉን ጠንካራ ዘንግ ቀድጄ አወጣለሁ፣ ከዚያ የፈላ ውኃ። በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ከማቀዝቀዣ ወደ ብሌንደር በቀጥታ ሲወረውሩት ያየ ሰው ባይቀና ይሻላል።

ቆስጣስ? ብዙ ሰው የሚመርጠው ቆስጣን ነው፣ ለስላሳና ሽታ የሌለው ስለሆነ። ጤነኛ ሰው አልፎ አልፎ ቢጠቀመው ችግር የለውም። ግን ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ይበዛበታል፤ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው በየቀኑ ጥሬውን እየፈጨ ቢጠጣ ጠጠሩን ይመግበዋል። ጎመን በዚህ በኩል ይሻላል። ሌላም አለ፤ ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቅጠል በድንገት ማብዛት የለበትም፣ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃረናል። «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚለው ከእማዬ «ፍራፍሬ ነው፣ ምን ያደርገኛል» የተለየ አይደለም። ሐኪም መጠየቅ ነው።

አቮካዶ ስገዛ ደንበኛ አለችኝ፤ ገበያው ዳር ላይ በመደብ የምትሸጥ። እሷ የማትሸጠው የለም፤ ከአርባ ምንጭ የመጣ ሙዝ፣ ከአለታ ጩኮ በኩል የወረደ አናናስ፣ ወቅቱ ሲሆን ካዝሚርና ጊሽጣ። አቮካዶ ግን የራሷ ጓሮ ፍሬ ነውና ስትሸጠው ድምጿ ይቀየራል። ለዛሬ ነው ለነገ ወይስ ለቅዳሜ? ብላ ትጠይቅና ሳትጫን፣ በመዳፏ ብቻ መዝና ትመርጣለች። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፤ ተቀጥፎ ነው የሚለሰልሰው። ጠንካራውን ከሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልሎ ማስቀመጥ የሚያፈጥነው ሙዙ በሚያወጣው ጋዝ ነው። እሷ ጋዙን በስሙ ባታውቀውም ሙዝ ትመርቅልኛለች።

ይህ ፍሬ ለእኛ እንግዳ እንደነበር አሁን ማን ያምናል? ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን መጀመሪያ ከተተከለባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ ምሥራቅ ያለው ሂርና፣ ሌላው ደግሞ ከሀዋሳ አፍንጫ ሥር ያለው ወንዶ ገነት ነው። የመቶ ዓመት ዕድሜ እንኳ የለውም። ዛሬ ሲዳማ ውስጥ ከእንሰቱና ከቡናው ጎን አቮካዶ የሌለበት ጓሮ ማግኘት ይከብዳል፤ ይርጋለም ባለው የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ዘይቱ ይጨመቃል። ለውጭ ገበያ የሚፈለገው ሃስ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ቆዳው ሸካራ ሆኖ ሲበስል ወደ ጥቁር ይለወጣል። የጓሮው አብዛኛው አረንጓዴ እንደሆነ ይበስላል፣ ትልቅና ውኃማ ነው። ለመፍጨት እኔ የጓሮውን እመርጣለሁ። ሃሱ ቅባቱ ስለሚበዛ ዳቦ ላይ ይሻላል፤ ይህን ስል የሚቃወሙኝ ወዳጆች አሉ፣ ይቃወሙ።

አሁን ወደ ብሌንደሩ። በቅድሚያ መብራት መኖሩን ማረጋገጥ፣ ቀልድ አይደለም። ቅጠሉ ተነክሮ፣ ሎሚው ተጨምቆ፣ አቮካዶው ተልጦ መብራት ሲሄድ የሚሰማው ንዴት የተለየ ነው።

መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ቅጠል፣ ሌላ ምንም ሳይገባ። አንድ ብርጭቆ ውኃና የተነከረ ጎመን አራት አምስት ቅጠል፣ ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ ዝንጅብል ጨምሮ፣ ውኃው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ይፈጫል። አቮካዶ ቀድሞ ከገባ ወፍሮ ይይዘውና ቅጠሉ ምላጩ ጋ አይደርስም፤ በኋላ ጥርስ ላይ የሚቀረው ቃጫ ከዚያ የሚመጣ ነው። ቅጠሉ ከላመ በኋላ ግማሽ አቮካዶ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ቁንጥር ጨው። ጨው ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ትንሽዬ ጨው ግን የጎመኑን ምሬት ይሸፍነዋል፣ ስኳር እንዳይፈለግ የሚያደርገውም እሱና ሎሚው ናቸው። ሎሚው አቮካዶው እንዳይጠቁርም ይረዳል። አንዳንዱ የአቮካዶውን ፍሬ ብርጭቆው ውስጥ መክተት ነው የሚያድነው ይላል፤ ፍሬው ግን ከአየር የሚከልለው የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ ነው።

ለጣፋጭነት የምጠቀመው ዘይቱን ነው፣ በወቅቱ። ሽታው ብቻውን ሰውን ያታልላል፣ ጣፋጭ የጠጣ ይመስለዋል። ቫይታሚን ሲው በክብደት ከብርቱካን አራት እጥፍ ገደማ ነው። ችግሩ ፍሬው ድንጋይ ነው፤ በጥቂት ውኃ ለብቻው ለአፍታ ብቻ አዙሮ በወንፊት ማሳለፍ ይገባል፣ ብዙ ከተፈጨ ፍሬው ይሰበርና አሸዋ ይሆናል። ዘይቱን ከሌለ አንድ ቁራጭ አናናስ። ለእኔ ለራሴ ግማሽ ሙዝ እጨምራለሁ፤ ለእማዬ የለም።

ፓፓያን ከዚህ አርቁት። ስፕሪስ ውስጥ ፓፓያና አቮካዶ የሚያምሩት ስላልተደባለቁ ነው። ቀዩና አረንጓዴው አብረው ሲፈጩ የሚወጣው የክረምት ጭቃ ነው፤ ጣዕሙ ደህና ቢሆንም ዓይን አይቀበለውም። ፓፓያ ወተት ውስጥ ገብቶ ሲቆይም ያመርራል፣ በውስጡ ያለው ነገር የወተቱን ፕሮቲን ስለሚሰባብር። አናናስም እንዲሁ ነው። ከወተት ጋር የሚፈጭ ሰው ወዲያው ይጠጣው።

ወተት እንዳልኩ፣ እማዬ ጋ ወተቱም እርጎውም በዓመቱ ግማሽ አይሠራም፤ ጾም ነው። እዚህ ላይ ነው እሷ ወደ ሥራው የገባችው። ጎመኑን ከሩቅ ታይ የነበረች ሴት አንድ ቀን ብርጭቆዬን አንስታ ቀመሰችና «ይኼ ነገር ተልባ ነው የጎደለው» ብላ ተነሳች። ተልባውን አመሰችው፣ ወቅጣ ነፋችው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨመረችበት። መጠጡ ወፈረ፣ የተቆላ ነገር ሽታ ያዘ፣ የጎመኑ ጥሬነት ጠፋ። ሰው ባሕር ማዶ የተልባ ፍሬ በትናንሽ ከረጢት በውድ እየገዛ መጠጡ ላይ ሲበትን እናያለን፤ ሙሉ ፍሬው ግን እንደገባ ይወጣል፣ ካልተፈጨ ሆድ ብዙም አያገኝም። ተልባ ሳይወቀጥ የሚጠጣ አበሻ ደግሞ አላውቅም። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ይባል የለ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ የእሷ ሆነ። በሱፍ ውኃም ትሞክረዋለች፤ ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ የሚወጣው ነጭ ውኃ ከአቮካዶ ጋር ሲገናኝ ክሬም ነው፣ በጾም። አብሽ ልትጨምርበት ስትል ግን ከለከልኩ፤ ሽታው ቤቱን ሦስት ቀን ይገዛል። በሶ በጥብጦ፣ ተልባ አሟሙቶ፣ ሱፍ ጨምቆ ሲጠጣ የኖረ ሕዝብ ለዚህ መጠጥ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ስኳሩ ነበር።

ስኳሩን ያስተዋት ግን የእኔ ንግግር አይመስለኝም፤ ማታለል ነበረበት። መጀመሪያ በምታውቀው ዓይነት፣ ከምትወደው ትንሽ ቀንሼ ሠራሁላት። ቀጥሎ ሌላ ቀነስኩ፣ ሎሚውን ከፍ አደረግኩ። አፍ ይለምዳል። አሁን ጁስ ቤት ስንገባ «ስኳር የለበትም» ብላ ታዛለች፣ አምጥተው ሲያቀምሷት ደግሞ ፊቷን ታኮማትራለች፤ «ዋሽተውኛል»። የስኳር መለኪያዋን ከጠጣች በኋላ አይተን በፊት ከነበረው ጋር አወዳድረነዋል፣ ልዩነቱ ይታያል። ይህ የአንዲት ሴት ውጤት ነው፤ ኪኒኗንም አላቆመችም፣ እንድታቆምም ማንም አላዘዛትም።

ኪኒኑን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። አረንጓዴ መጠጥ በየስልኩ እንደ ጠበል ነው የሚሸጠው። መርዝ ያስወጣል፣ ጉበት ያጥባል፣ ቦርጭ ያቀልጣል፣ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል። ጉበትና ኩላሊት መርዝ ለማስወጣት የእኛን ብሌንደር አይጠብቁም፣ ሥራቸው ነው። ቦርጭን በተመለከተም 100 ግራም አቮካዶ 160 ካሎሪ ያህል አለው፤ ከቁርስ ላይ ተጨምሮ ከተጠጣ ቦርጩን ያሳድገዋል እንጂ አያቀልጠውም። በቁርሱ ፋንታ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ታቦር ተራራን ሮጦ ወርዶ ግማሽ ሊትር ሙዝና ማንጎ የሚጨልጥ ጎረቤት አለኝ። ክብደቱ አልነቃነቅ ስላለው ተራራውን ይወቅሳል።

ለመጠጡ የሚገባውን ክብር ግን አልነሳውም። አብዛኞቻችን የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ በቀን አንበላም፤ ሽሮና እንጀራ ላይ ቃሪያ ጣል አድርገን ነው የምንውለው። ጠዋት አንድ ብርጭቆ ያንን ቀዳዳ በከፊል ይደፍነዋል። የአቮካዶው ቅባት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን ነገር እንዲዋሐድ ያግዛል፤ ቅጠሉ ብቻውን ይህን ያህል አይሰጥም። ሎሚውና ዘይቱኑም የጎመኑን ብረት ለሰውነት ያቀልሉታል። ከላዩ ላይ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ከተጠጣበት ግን ብረቱ ይታገዳል። ይህን ለእማዬ ስነግራት «ቡናውን አዘግይው» ያልኳት መሆኑ ገባትና ውይይቱን ዘጋችው። ከጎመንና ከቡና ምረጪ የተባለች እናት ማንን እንደምትመርጥ የታወቀ ነው። ስለዚህ መጠጡን ወደ ማለዳ አመጣነው፣ ቡናው በቦታው ቀረ።

ማቆየት አያስፈልግም። ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ውኃውና ወፍራሙ ይለያያል፣ ተልባውም ይዝለገለጋል፣ ከላይ ያለው ይጠቁራል። ለሁለት ሰው የሚበቃውን ብቻ ነው የምንፈጨው። ብሌንደሩን ወዲያው ውኃ ሞልቶ አንዴ ማዞር ይገባል፤ የደረቀ አቮካዶ ከምላጩ ሥር የሚለቀው በጥርስ ብሩሽ ነው።

መብራት በሌለ ቀን አቮካዶው በሹካ ይፈጨፈጫል፤ ሎሚ፣ ጨው፣ የተከተፈ ቃሪያና ቲማቲም ገብቶበት ከዳቦ ጋር ይቀርባል። ጎመኑ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ምድጃ ላይ ይወጣል። እማዬ በእነዚያ ቀናት የበለጠ ትበላለች፤ መብራት ኃይልን ስትመርቅ የሰማኋት ብቸኛ ሰው እሷ ናት።